የልብ ሰዓት

ጊዜ በሰዓት ሲለካ ለሰው ሁሉ ትክክል ነው፤ በልብ ሲለካ ግን ለአንዱ አጭር፥ ለሌላው ረጅም ሆኖ ይታያል። ሥራ የያዘ ሰው ሐሳቡ በሥራው ላይ ስለሚውል የጊዜውን ማለፍ አያስተውለውም፤ የሚጠብቅ ሰው ግን ሐሳቡን የሚያሳርፍበት ነገር በማጣቱ ደቂቃውን ሲቈጥር ይውላል። ይኸው ባዶ ጊዜ ካለፈ በኋላ ደግሞ፥ የሚታወስ ነገር ስለማይተው፥ በግምት ያጥራል።

ልብ የታመነ ሚዛን አለመሆኑ በፈተና ታይቷል። ሚሼል ሲፍር የተባለው ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓመት ያለ ሰዓትና ያለ ፀሐይ ብርሃን ሁለት ወር ያህል በዋሻ ውስጥ ተቀመጠ። በሴፕቴምበር 14 ቀን ሲወጣ ቀኑ ገና ኦገስት 20 መስሎት ነበርና፥ 25 ቀን ከግምቱ ጠፋ።

ስለዚህ ሹም ባለጉዳዩን «ጥቂት ቈይ» ባለው ጊዜ የቈይታውን ልክ በራሱ ልብ ሊገምተው አይገባም፤ በውስጥ ለተቀመጠው ጥቂት የሆነው በደጅ ለቆመው ብዙ ነውና። ሰዓቱን አይቶ ቀጠሮውን በቁርጥ የነገረው እንደ ሆነ ግን፥ ባለጉዳዩ እስከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ቀኑም አይባክንበትም።