ባቲን ለሚያውቅ ጆሮ ሶል ባዳ አይደለም

ይህን ቻናል ከከፈትኩ ጀምሮ ዘመድ ወዳጁ የሚያነሳብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የመካነ ሰላም ልጅ ሆነህ ከጄምስ ብራውን ጋር ማን አገናኘህ?» ያገናኘኝ የባቲ ቅኝት ነው። ትዝታም አለበት። ሶል፣ ፈንክና ሂፕ ሆፕ የምወደው ከአገሬ ዜማ ሸሽቼ የሚመስላቸው ስላሉ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የአገሬን ዜማ ጠግቤ ስላደግሁ ነው ሶልን ገና ስሰማው ዘመድ ሆኖ ያገኘሁት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዘፈኖቹን ፈልጎ መስማት ለሚሻ ይመቸዋል።)

ወሎ ቦረና ያደገ ልጅ ጆሮው የሚሞላው ከብዙ አቅጣጫ ነው። በአንድ በኩል መንዙማ አለ፤ ድቤው እየተመታ አንዱ ያወርዳል፣ ጀመዓው በጭብጨባ ይቀበላል። በሌላ በኩል ከበሮውና የሰንበት መዝሙሩ አለ። ሠርግ ሲመጣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ዳሱ ውስጥ ይገባል፣ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ ይጨፍራል። በየትኛውም በኩል ብትሄዱ አውራጅና ተቀባይ አለ። አንዱ ይጥላል፣ ብዙው ያነሳል።

አሁን የሬይ ቻርልስን «ዋት ድ አይ ሴይ» ክፈቱ፤ የ1959 ሥራ ነው። መሐል ላይ ሬይ ቻርልስ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ሴቶቹ ያንኑ ድምፅ ይመልሱለታል። ቃል እንኳ የለውም። ይህን ያመጣው ከጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የምስጋናውን ስልት ለዓለማዊ ዘፈን ስላዋለው ብዙ ተወቅሶበታል። አሬታ ፍራንክሊንም የሰባኪ ልጅ ናት፤ አባቷ በዲትሮይት የታወቁ ፓስተር ነበሩ። በ1972 ታዋቂነቷ ጫፍ ላይ ሳለች ሎስ አንጀለስ ቤተ ክርስቲያን ገብታ የቀዳችውን «አሜዚንግ ግሬስ» የሚባል አልበም አንድ ሌሊት ተቀምጣችሁ ስሙት። ቋንቋውን ባትሰሙም፣ ምእመኑ ሲቀበላትና ሲያበረታታት መንዙማ ላይ ያመሸ ሰው ምን እየሆነ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ወደ ቅኝቱ ልምጣ፤ የኔ ዋና ነገር እሱ ነው። ስልካችሁ ላይ ነፃ የፒያኖ መተግበሪያ አውርዱ። ነጮቹን ቁልፎች ተዉአቸው፣ ጥቁሮቹን ብቻ ተመልከቱ። ሦስት በአንድ ላይ፣ ሁለት በአንድ ላይ ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይዛችሁ በቅደም ተከተል ሦስቱን፣ ቀጥላችሁ ሁለቱን ንኩ። የሰማችሁት ሙሉ ትዝታ ነው። አሁን ደግሞ መነሻውን ቀይሩ፤ ከሁለቱ ጥቁሮች ሁለተኛውን ንኩና ቀጥሎ ያሉትን ሦስቱን፣ ከዚያም ከሚቀጥሉት ሁለት የመጀመሪያውን ንኩ። ይህ የባቲ ማይነሩ መልክ ነው። ደጋግማችሁ ስትመቱት ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ትሰማላችሁ፤ የወሎን ገበያና የሚሲሲፒን ብሉዝ። የብሉዝ ጊታሪስቶች ጀማሪን መጀመሪያ የሚያስተምሩት አምስት ድምፅ ያው እሱ ነው፤ የፈንክ ቤዝም አብዛኛውን ጊዜ የሚመላለሰው እዚያው ላይ ነው። የማሲንቆ መቺ ጣት ከፒያኖ ቁልፍ ትንሽ እንደሚያፈነግጥ አውቃለሁ፤ ጣዕሙም ያለው እዚያ ነው። አጥንቱ ግን አንድ ነው።

ማረጋገጫ የሚፈልግ የቴምፕቴሽንስን «ማይ ገርል» ይክፈት፤ በ1964 መጨረሻ የወጣ የሞታውን አሳታሚ ዘፈን ነው። ቤዙ ብቻውን ይጀምራል። ከዚያ ጊታሩ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ይወጣል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ። ይህ ከላይ የመታችሁት ሙሉ ትዝታ ነው፤ አንድም የተጨመረበት ድምፅ የለም። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የሶል መግቢያ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ትዝታ ሲሰማ ያደገ ሰው «የፈረንጅ ነው» ብሎ ሲያልፈው ይቆጨኛል።

ይህን ስል ብሉዝ ከወሎ ወጣ ማለቴ አይደለም። እንዲያ የሚሉ ሲያጋጥሙኝ አዝናለሁ። በአምስት ድምፅ የሚያዜም ሕዝብ ከቻይና እስከ ስኮትላንድ ሞልቷል፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ዜማ ደግሞ አያቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ሲጋዙ ይዘውት የሄዱት ነው። እኔ የምለው የኛ ጆሮ ለዚያ ሙዚቃ ዝግጁ ሆኖ ነው የሚያድገው። በአንጻሩ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ሶል ውስጥ ዘመድ የላቸውም። አምባሰል ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው የሚሄደው በግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ያች ጠባብ ርቀት ናት ሆድ የምታባባው። የኛ ሰዎች ከአሜሪካኖቹ የተለየ ነገር የፈጠሩት እዚህ ላይ ነው።

ምቱም እንደዚሁ ነው። የጄምስ ብራውንን «ኢትስ ኤ ማንስ ማንስ ማንስ ወርልድ» በ1966 የወጣውን ስሙ። ቀስ ያለ ነው፣ ግን በየምቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ትናንሽ ምቶች ይንከባለላሉ። የኛ ችክችካም ሦስት ሦስት እየከፈለ ነው የሚሄደው። ይህን ዘፈን አሰምቼው በትከሻው ያልመለሰ ወሎዬ አላየሁም።

እንግዲህ በስድሳዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ ሙዚቀኞች ጆሮ ይህ ነው። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ትራምፔቱንና ሳክስፎኑን ቀድመው ተክነውታል። ከአስመራው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ሶል ይሰማል። ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራን ሸክላ ይዘው ይመጣሉ። ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ተነስቶ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ተባለ፤ ብዙነሽ በቀለን ደግሞ ከአሬታ ጋር አመሳሰሏት። እኔ እነዚህን ማመሳሰያዎች ብዙም አልወዳቸውም። የብዙነሽን ድምፅ ለመረዳት አሬታ አታስፈልግም፤ ራሷን መስማት ይበቃል።

ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ገና ሃያ አምስት ያልሞላው ወጣት በ1969 ደፍሮ የራሱን አሳታሚ አቋቋመ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞችን አወጣ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» የሚለው አብዛኛው ነገር ከእሱ እጅ የወጣ ነው። አምሃም ዓለማየሁም ያረፉት በ2021 ነው፣ በወራት ልዩነት።

ስለዚያ ዘመን ሳወራ ግን አንድ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በ1973 ኅዳር ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀብሏል፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ነበር። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን ለዓለም አሳይቶ ነበር። የአዲስ አበባ ክለቦች መብራት በደመቀበት ሰሞን የኛ ሰው በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። እናቴ እነዚያን ዓመታት ስታነሳ ዘፈን አታነሳም። ሙዚቀኞቹን አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ደመወዝተኛ ወታደሮች ነበሩ። ግን «ወርቃማ» የሚለውን ቅጽል በጻፍኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል፤ የወሎ ልጅ ሆኜ ሌላ ሊሰማኝ አይችልም።

ከወሎ የወጣውን ፈንክ የጠየቀኝ ሰው መጀመሪያ የምሰጠው አያሌው መስፍንን ነው። የወልድያ ልጅ ነው። ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር የቀዳቸውን ስትሰሙ ቤዙና ከበሮው ወለሉን ይዘው አይለቁም፣ ጊታሩ በዋ-ዋ ፔዳል ያለቅሳል፣ ድምፁ ግን አንዲት ጋት ከአገር ቤት አልራቀም። ደርግ ሲመጣ አሰሩት፣ ዝም አሰኙት። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አነቀው፤ አምሃ እሸቴም በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የአያሌው ሥራዎች በውጭ እንደገና በአልበም የወጡት በ2018 ነው፤ ያወጣው ናው-አጌን የተባለው አሳታሚ የሚመራው ደግሞ ከሂፕ ሆፕ ዓለም የመጣ ሸክላ አነፍናፊ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

ሂፕ ሆፕ ራሱ የተወለደው ከአሮጌ ሸክላ ነው። ነሐሴ 1973 ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ፣ ኩል ኸርክ የሚባል የጃማይካ ተወላጅ ወጣት የእህቱን ድግስ ሲያጫውት ያስተዋለው ነገር አለ፤ ሰው ይበልጥ የሚጨፍረው ዘፈኑ ቆሞ ከበሮው ብቻውን ሲቀር ነው። ያን ቦታ በሁለት ሸክላ እያፈራረቀ አስረዘመው። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሙዚቃ አምራቾች ሥራ እንዲህ ያለ ቦታ ማደን ሆነ። የጄምስ ብራውን «ፈንኪ ድራመር» ላይ ባንዱ ዝም ብሎ ክላይድ ስተብልፊልድ ብቻውን የመታት የሃያ ሴኮንድ ያህል ከበሮ ስንት መቶ ዘፈን ውስጥ እንደገባች ተቆጥሮ አያልቅም፤ ፐብሊክ ኤነሚ የተባሉት ራፐሮች በ1989 «ፋይት ዘ ፓወር» ውስጥ ተጠቅመውባታል። ስተብልፊልድ ግን በሕይወት እያለ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘባትም። የኛም የሸክላ ዘመን ሰዎች ብዙዎቹ እንዲሁ ሆነው ነው የቀሩት።

ኤቲዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ከ1997 ጀምሮ የኛን ሸክላዎች በሲዲ ሲያወጣ አዳኞቹ ወደኛ ዞሩ። «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም በ2005 ሙላቱን ለዓለም አሰማው። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር» ሲሉ ከሥሩ የሚዞረው የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ነው። ኦ ኖ የሚባለው የካሊፎርኒያ አምራች ደግሞ በ2009 ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ብቻ ሙሉ አልበም ሠራ። ሁለቱን የናስንና የሙላቱን ተከታትላችሁ ስሙ፤ ቀድሞ የሙላቱን፣ ቀጥሎ የናስን።

ራፕ ለኛ እንግዳ ነው የሚለኝን ሰው ደግሞ ልጅ እያለን የተጫወትነውን እንካ ስላንትያ አስታውሰዋለሁ። ሁለት ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ቤት እየመታ፣ አንዱ የሌላውን አፍ ሊያስይዝ። መልሱ የዘገየ ተሸነፈ። በብሮንክስም ሕጉ ይኸው ነው። ፉከራና ቀረርቶም አለ፤ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከሰው አፍ ወስዶ በሳክስፎን ሲያስፎክረው የሰማ ሰው ይህን አይጠይቀኝም። አማርኛ ራፕ የሚያምረው ሰምና ወርቁን ሲይዝ ነው፤ የአሜሪካኖቹን የአነጋገር ቃና ሲቀዳ ግን እኔን ወዲያው ያጣኛል። ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከሂፕ ሆፕ ጋር አጋብቶ ጉራጌቶን ሲል ያሳየው መንገድ ለወሎም ክፍት ነው። የቦረናን ጭብጨባ በደንብ ቀድቶ ከሥሩ ቤዝ የሚያስገባ ልጅ ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ ቢወጣ የመጀመሪያው አድማጭ እኔ ነኝ።

ለዚህ ደግሞ ጥሬ ዕቃው እየጠፋብን ነው። ከሸክላው በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ነው፤ የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን፣ እነ ማሪቱ ለገሠ የወጡበት፣ በየቤቱ የገባው በካሴት ነው። የሠርግ ቅጂዎችም አሉ፤ ስማቸው ያልተጻፈ አዝማሪዎች፣ የአካባቢ መንዙማዎች። ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም፣ በአጅባርም በወግዲም፣ በየሳጥኑ ሥር ተቀምጠዋል። ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አትጣሏቸው። ከላይ በኩል ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሯቸው፣ በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳባቸው። ከስፒከርና ከፀሐይ አርቋቸው። በመስኮቷ ሲታይ ክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካለ ቴፕ ውስጥ አታስገቡት፤ ለብቻ ለዩት። ሻጋታ የሌለውን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አስፈትልኩት፣ መልሱት፣ ከዚያ አጫውቱት። የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ። ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ከስፒከሩ በስልክ አትቅረጹ፤ በገመድ አገናኙና መጀመሪያ በዋቭ አስቀምጡ፣ ኤምፒ3ውን በኋላ ታወጡታላችሁ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ፣ የባለቤቱን የእጅ ጽሑፍ ጭምር፣ ፎቶ አንሱ። ማን ሠርግ ላይ፣ በየትኛው ዓመት እንደተቀዳ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ካሉ አሁኑኑ ጠይቋቸው።

መካነ ሰላም ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለጥምቀት ስመጣ ቴፕና ገመዱን ይዤ እመጣለሁ፤ እናንተው ቤት ገልብጬ ካሴቱን እዚያው ለባለቤቱ እመልሳለሁ።