ዝሆኔ «በዘር ነው»? ተረትና እውነታ ስለ ጫማና ስለ ቀይ አፈር

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገጠሮች ገበያ ሲወጡ ጫማን በእጅ ይዞ መጓዝ፣ ከተማው ዳር ሲደርሱ እግርን ታጥቦ መጫማት የቆየ ልማድ ነው። ጫማው ቶሎ እንዳያልቅ ነው፤ የድሃ ቤት ምክንያት አይናቅም። የሚጎዳው ከልማዱ ጋር የሚነገረው ነው፦ «ዝሆኔ በዘር ነው፤ ዘሩ ያለበት ያብጣል፣ የሌለበት በባዶ እግሩ ቢኖርም ምንም አይሆን።»

በዚህ አባባል ስንት ጋብቻ ፈርሷል፤ ስንቱ እግሩን ሸፍኖ ከሰርግና ከማኅበር ቀርቷል። ለጋብቻ ዘር ሲቆጥሩ የሰውን ልጅ በአያቱ እግር የሚፈርዱ ሽማግሌዎች ዛሬ ሊታረሙ ይገባል።

የበሽታው የሕክምና ስም ፖዶኮኒዮሲስ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ጥናት ዝሆኔውን ከእሳተ ገሞራ ዐለት ከተገኘው ቀይ አፈር ጋር አያያዘው። እጅግ የደቀቁ የአፈር ማዕድናት በእግር ቆዳ ይገባሉ፤ ከእግር ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፣ ያጠብባሉ። መመለሻ ያጣው ፈሳሽ እግሩን ያሳብጣል። ከማዕድናቱ ዋናው ጥፋተኛ የትኛው እንደሆነ ተመራማሪዎች ገና አልቋጩም። አፈሩ ግን ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ይገኛል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ የተቀመጠችው ደብረ ማርቆስም ዙሪያዋ እንዲሁ ነው።

አባባሉ ፈጽሞ ባዶ አይደለም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በወላይታ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ እግሩ አፈሩን ካልነካ በሽታው አይነሣም። እንግዲያው አባቱ ወይም አያቱ ያበጠበት ልጅ ከማንም ቀድሞ ጫማ ሊገዛለት ይገባል።

«ይተላለፋል።» አይተላለፍም። አብሮ መብላትም አብሮ መተኛትም አያሲዝም።

«የእባብ አጥንት ረግጦ ነው፤ መተት ነው።» የረገጠው አፈር ነው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ?» አሸንፏል፤ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ቶኪዮ ላይ ግን ተጫምቶ ሮጠ፤ አሸነፈ፣ የዓለም ክብረ ወሰንም ሰበረ።

«ለመንገድ ሰንደል ይበቃል።» በረባሶ ከእሾህና ከጠጠር ያድናል፤ አቧራውና ጭቃው ግን በጎኑ ይገባል። ለቀይ አፈር መንገድ ጣትንና ተረከዝን የሚሸፍን፣ ካልሲ የሚያስገባ ጫማ ይመረጣል። የሚለካውም ከሰዓት በኋላ፣ እግር በመጠኑ ሲሰፋ ነው። አቅም ከሰንደል ካላለፈ የኋላ ማሰሪያ ያለው ይገዛ፤ ከመንገድ ሲገባም እግር በሳሙና ይታጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ይድረቅ።

«አንዴ ካበጠ አበቃ።» ይህም ስሕተት ነው። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን የተካፈሉበት፣ ውጤቱ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እግርን ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና መጫማት የሚያቃጥለውን፣ አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም ይቀንሳል።

የልጅዎ እግር ማሳከክና ማቃጠል ከጀመረው፣ ማታ ማታም የሚያብጥ ከሆነ፣ ዘር ሳይቆጥሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በዚያ ጊዜ ጅምሩ እብጠት ገና ሊመለስ ይችላል።