የእግረኛው አማካሪ ኮሚቴ፦ ማን ይመረጥ? እንዴት ይሾም?

ቦንጋ ውስጥ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ ከሚሄደው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ዝናቡም በዓመቱ ብዙ ወራት አይጠፋም። እግረኛው ጭቃውን ሲሸሽ አስፋልት ላይ ይወጣል፤ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ባጃጅ፣ ሞተርና የጭነት መኪና አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። ቢሮ ሲበዛ መኪናም መብዛቱ አይቀርም። ታዲያ መንገድ ሲነደፍ ስለ እግረኛው የሚናገረው ማን ነው?

በሌላው ዓለም ብዙ ከተሞች ነዋሪዎች የሚቀመጡበት የእግረኞችና የብስክሌተኞች አማካሪ ኮሚቴ አላቸው። ኮሚቴው በጀት አይመድብም፣ ተቋራጭም አያዝም። ሥራው የመንገድ ንድፍ ሳይጸድቅ አይቶ አስተያየት መስጠት፣ ሰው የሚገጭበትንና ልጆች የሚቸገሩበትን ቦታ እየዞሩ መለየት፣ ምክሩንም በጽሑፍ ለከንቲባውና ለምክር ቤቱ ማቅረብ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ዋሽንግተን ዲሲን እንውሰድ። እያንዳንዱ የከተማዋ ምክር ቤት አባል ለእግረኞች አማካሪ ጉባኤ አንድ ነዋሪ ይሾማል። የትራንስፖርቱና የፖሊሱ መሥሪያ ቤትም ተወካይ ይልካሉ። ነዋሪውና ባለሙያው ፊት ለፊት ስለሚቀመጡ ቅሬታ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አይጠፋም።

በእኛም አገር መሠረቱ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም በ2012 ዓ.ም.፣ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። ስትራቴጂው ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ከተሞችንም ይመለከታል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መንገዱን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ አድርጎ ለእግረኛ ሲለቅቅ ሁላችንም አይተናል። ግን የአንድ እሑድ ጠዋት ነው። አማካሪ ኮሚቴ የሚያስፈልገው ለቀሩት ቀናት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሹመቱ እንምጣ። እኔ የማምነው የኮሚቴው ዕጣ ገና ከጅምሩ በአባላቱ ምርጫ እንደሚወሰን ነው። ብዙ ጊዜ ኮሚቴ ሲባል የየጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች ይሰበሰባሉ፤ ከእነሱም የሚበዛው ወደ ስብሰባው የሚመጣው በመኪና ነው። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ቦዩ ያለ ክዳን መቅረቱን፣ የእግረኛው መንገድ በአሸዋ ክምር መዘጋቱን በየቀኑ ስለማይረግጡት አያዩትም። በጀርባዋ እንጨት ተሸክማ ቁልቁለቱን የምትወርደው እናት ግን ታየዋለች። በማለዳ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅም፣ በክራንች የሚሄደው ሰውም፣ በነጭ በትር መንገዱን የሚዳስሰው ዓይነ ስውርም ያውቁታል።

ስለዚህ ከወንበሮቹ ከግማሽ የሚበልጡት በየቀኑ በእግር ለሚሄዱ ነዋሪዎች ይሁኑ፤ ከእነሱም ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። አካል ጉዳተኛ አባል «እንዲካተት» ተብሎ የሚጨመር ሳይሆን ከመጀመሪያው የሚታሰብ ነው። ራምፕ የሌለው መሻገሪያ ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያስረዳ የለም። አንድ የትምህርት ቤት መምህር ወይም ወላጅ፣ በገበያው የሚነግድ አንድ ሰውም ይኑሩ። የባጃጅ ሾፌሮችም ተወካይ ይገባቸዋል። ይህን የሚቃወሙ ይኖራሉ፤ እኔ ግን እደግፈዋለሁ። ሾፌሩ ተሳፋሪ የሚያነሳበትና የሚያወርድበት ቦታ ካልተሰጠው የእግረኛው መንገድ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ጥሉ አያልቅም። የከተማው መሐንዲስና ትራፊክ ፖሊስ ድምፅ የመስጠት መብት ሳይኖራቸው ተቀምጠው ያስረዱ። የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ግን ሊገባበት አይገባም።

አሿሿሙ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከተማ አስተዳደሩ ስንት ወንበር እንዳለ፣ ሥራው ምን እንደሆነና የአገልግሎት ዘመኑን በየቀበሌው በማስታወቂያ ይለጥፋል። ማንበብ ለማይችሉት በየእድሩና በየእምነት ቤቱ ይነገራል። ሰው ራሱ ያመለክታል ወይም እድሩ፣ የሴቶች ማኅበሩ፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበሩ ይጠቁሙታል። ስሞቹ ለሕዝብ ተለጥፈው ተቃውሞ ካለ ይሰማል፤ በመጨረሻም የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃል። ከንቲባው ብቻውን ከመረጣቸው አባላቱ የሚያማክሩት ከንቲባውን ለማስደሰት ይሆናል። ዘመኑ ሁለት ዓመት ቢሆንና በየዓመቱ ግማሾቹ ቢቀየሩ ልምዱ አይጠፋም፣ አዲስ ሰውም ይገባል። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ከሆነ የቀን ሠራተኛዋና ነጋዴዋ አይመጡም፣ ስለዚህ ቀንና ሰዓቱ ከእነሱ ጋር ይወሰን።

ቦንጋ ላለችበት ለካፋ ሰው በኮሚቴ መተዳደር እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የካፋ መንግሥት ንጉሡን፣ ታቶውን፣ ሚክሬቾ የሚባሉ አማካሪዎች ያግዙት ነበር። ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የቅርቡ የደን ልምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል አሳታፊ የደን አስተዳደርን በኢትዮጵያ ሲያስጀምሩ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ የቦንጋ ደን ነበር። በዚህ አሠራር የደኑ ተጠቃሚዎች በማኅበር ይደራጃሉ፣ የደኑን ድንበር ራሳቸው እየዞሩ ይለያሉ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው ኮሚቴ ይመርጣሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ፣ ከመንግሥት ጋርም ውል ይፈራረማሉ። መብታቸውም ግዴታቸውም በውሉ ተጽፏል። ደኑን የሚያውቀው ገበሬው መሆኑ የታመነው ያኔ ነው። መንገዱን የሚያውቀው እግረኛው መሆኑስ ለምን ይከብደናል?

ከደኑ የምንወስደው ዋናው ነገር የተጻፈው ውል ነው። ለአማካሪ ኮሚቴም የሚያስፈልገው አንድ አንቀጽ አለ፦ ከተማ አስተዳደሩ ለኮሚቴው ምክር በተወሰነ ቀን ውስጥ፣ ለምሳሌ በ30 ቀን፣ በጽሑፍ መልስ ይስጥ። ምክሩን አለመቀበል ይችላል፤ ምክንያቱን ግን ይጻፍ። ይህ አንቀጽ በሌለበት ቃለ ጉባኤ መደርደሪያ ይሞላል እንጂ መንገድ አይሠራም። ከዚያም ሰዉ መምጣቱን ያቆማል። ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ኮሚቴው ንድፉን ማየት ያለበት ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ የሚሰጥ ምክር ሐዘን ብቻ ነው።

ስለ ብስክሌቱም አንድ ቃል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በብስክሌት የታወቁት ሜዳ ላይ ስለተቀመጡ ጭምር ነው። የቦንጋ ዳገት ለፔዳል ይከብዳል። ስለዚህ ኮሚቴው ጉልበቱን በመጀመሪያ በእግረኛው ላይ ቢያውል ይሻላል። ብስክሌቱ ሜዳማ በሆነው ክፍልና ለወጣቶቹ ቦታውን ያገኛል።

ጥሩ ጅማሬ የሚሆነው የመጀመሪያው ሥራ ከስብሰባ አዳራሽ ውጭ ነው። አባላቱና መሐንዲሱ ዝናብ እንዳባራ፣ በገበያ ቀን፣ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ አብረው በእግር ይሂዱ። ውሃ የተኛበትን፣ ቦዩ የተከፈተበትን፣ ሰው ወደ አስፋልቱ ለመውጣት የሚገደድበትን እያንዳንዱን ቦታ ይመዝግቡ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚያልፍበት ስፋት መኖሩን በሜትር ይለኩ። ዝርዝሩን ለሦስት ይክፈሉት፦ በአካፋና በጉልበት በአንድ ሳምንት የሚስተካከል፣ በዘንድሮ በጀት የሚሠራ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚገባ። እርስዎም ለአባልነት ከተጠየቁ፣ ከመፈረምዎ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን ያስነብቡና የመልሱ አንቀጽ መኖሩን ያረጋግጡ።