በቆሎው ዛሬ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

ከሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ቦዲቲ፣ መስከረም ሲጠባ ገበያው በበቆሎ ይሞላል። በበልግ የተዘራው ደርሷል፤ ጊፋታም ቀርቧል። ለበዓሉ ሥጋ፣ ለልጆች ደብተርና ለማዳበሪያ ዕዳ ሁሉም በአንድ ጊዜ ብር ይፈልጋል። ገዢው ግን ያው የትናንቱ ነው። በርካሽ የተሸጠው በቆሎ ግንቦት ላይ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ በውድ ተመልሶ ይገዛል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በነጋዴው ይላከካል። ነጋዴው ንጹሕ ነው ለማለት ባይቻልም፣ ዋጋውን በዋናነት የሚጥለው የሻጩ መብዛት ነው።

ለዚህ የሚሰጠው ቀላል ምክር «አትሽጥ፣ አቆይ» የሚል ነው። ምክሩ ግን ሒሳብ ይጎድለዋል። አንድ የዳሞት ጋሌ አርሶ አደር ጥቅምት ላይ ኩንታሉን በ3000 ብር መሸጥ ይችላል፤ ግንቦት ላይ 4200 ይሆናል ብሎም ይጠብቃል እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ልዩነቱ 1200 ብር ነው። ነቀዝ ከአሥር እጅ አንዱን ከበላ 420 ብር ሄደ። ለከረጢትና ለመድኃኒት 150 ይውጣ። የቀረው ለዓይን የማይታይ ወጪ ነው፦ ያ 3000 ብር ዛሬ እጁ ቢገባ ምን ይሠራለት ነበር? በወር 2 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት ብድር ካለበት፣ ዕዳውን ቢዘጋበት በሰባት ወር 420 ብር ያድንለት ነበር። ሦስቱ ሲደመሩ 990 ይሆናሉ፤ የሚተርፈው 210 ብር ብቻ ነው።

ብድሩ በወር በ10 በመቶ አራጣ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ወለዱ ብቻውን 2100 ይደርሳል። ይህ ሰው ዛሬውኑ ሸጦ ዕዳውን ቢከፍል ይሻለዋል። ዕዳ የሌለበትና አየር በማያስገባ ከረጢት የሚያስቀምጠው ጎረቤቱ ግን ቢያቆይ ያተርፋል። በቆሎውም ገበያውም አንድ ሆኖ፣ መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል።

በዚህ ስሌት ውስጥ የማዳበሪያ ዋጋ አልገባም። «ማዳበሪያውን በውድ ገዝቼ በርካሽ አልሸጥም» የሚለው ቁጭት የሚገባ ነው። ነገር ግን የወጣው ብር ቢሸጥም ቢያቆይም አይመለስም። የማዳበሪያ ሒሳብ የሚሠራው ከዘር በፊት ነው። ያኔም ጥያቄው ማዳበሪያ ይጠቅማል ወይ ሳይሆን፣ የሚጨመረው ግማሽ ኩንታል የሚያመጣው ተጨማሪ በቆሎ ወጪውን ይመልሳል ወይ የሚል ነው።

ሒሳቡ በአገር ደረጃ ሲዛባ ምን እንደሚያስከትል በ1994 ዓ.ም ታይቷል። ተከታታይ ጥሩ ምርት ተገኝቶ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። ሰው በቆሎ ስለረከሰ በእጥፍ አይበላም፤ ስለዚህ ጥቂት ትርፍ ምርት ዋጋውን ብዙ ያወርደዋል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደው ገበሬ ጎተራው ሞልቶ ዕዳው አቃተው፤ በሬውን የሸጠም ነበር። ወዲያው ዝናቡ ከዳ። በ1995 ዓ.ም ወላይታን ጨምሮ በርካታ አካባቢዎች የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የዚያ ጊዜ ትዝታ ከኋላው ነበር። ይሁንና ዋና ሥራው ወደ ቡናና ሰሊጥ ሄደ። አሥር ኩንታል ይዞ ለብቻው እዚያ የሚደርስ የቦዲቲ ገበሬም የለም፤ መንገዱ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ነው።

የወረዳ ኃላፊዎች ዝናብ አያዙም፤ ዕዳ መቼ ይሰብሰብ በሚለው ላይ ግን ድምፅ አላቸው። ክፍያው ሁሉ በአጨዳ ሰሞን ሲጠየቅ፣ ገበሬውን በአንድነት ወደ ገበያ የሚገፋው የሰብሳቢው ቀነ ገደብ ነው። ግማሹ ጥቅምት፣ ግማሹ ጥር ቢባል ለአበዳሪው የሦስት ወር ወለድ ይቆጠርበታል። ያንን ማን ይሸከም የሚለው ቁጭ ተብሎ የሚሰላ ነው።

በሌላ በኩል ሁሉም ቢያቆይ ግንቦትም እንደ ጥቅምት ይረክሳል፤ መጪው በልግ ካማረም ያው ነው። ግማሹን ሸጦ ግማሹን ማቆየት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ለማቆየት ደግሞ እስከዚያ የሚበላ ያስፈልጋል። የወላይታ ቤቶች ይህን ከጓሯቸው ያገኙት ነበር፦ እንሰት አጠውልግ ካላገኘው በቀር የተቆረጠ የመሰብሰቢያ ወር የለውም፤ ሲያስፈልግ ይፋቃል። እንሰቱን ነቅሎ በቆሎ ለመዝራት ያሰበ ገበሬ፣ ጥቅምት ላይ ሳይቸኩል እንዲሸጥ ያስችለው የነበረውን አቅምም ከወጪው ጋር ይደምረው።