በገዛ እጅ የተሠራ ሊኑክስ ኔትወርክ እምቢ ሲለው

በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ርእስ ከአርት ፋኩልቲ ተማሪ እጅ ሲያገኙት ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ ይበሉ። ሊኑክስን ከምንጩ እየቀዱ፣ እያንዳንዱን ክፍል በገዛ እጅ እየገጣጠሙ ለመሥራት ዋናው ነገር መጽሐፍን በትዕግሥት ማንበብ ነውና፣ በዚህ በኩል እኛም የምናፍርበት ነገር የለም። የሥራው መሪ መጽሐፍ ጄራርድ ቤክማንስ በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ሊኑክስ ፍሮም ስክራች» ነው፤ ዛሬም ያለ ዋጋ ይገኛል።

ችግሩ የሚመጣው ሥራው አለቀ በተባለ ጊዜ ነው። ብዙ ቀን የተደከመበት ኮምፒዩተር ይነሣል፣ ስም ይጠይቃል፣ ያስገባል፤ ከውጭው ዓለም ጋር ግን አይነጋገርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ደምስሶ እንደገና ይጀምራል። ይህ በሩ አልከፈት ስላለ ቤቱን እንደ ማፍረስ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ወጥመድ አለ፤ መጽሐፉ የሚያሠራው መሠረታዊ ሥርዓት አድራሻ በራሱ የሚቀበልበት የዲኤችሲፒ ፕሮግራም ላይኖረው ይችላል፤ ፋይል ማውረጃው ደብልዩጌትም የለውም። ለማውረድ ኔትወርክ ያስፈልጋል፣ ለኔትወርኩ ደግሞ ማውረድ! ስለዚህ ሥራው የተሠራበትን አሮጌውን ሊኑክስ አታጥፉት፤ የጎደለው ሁሉ የሚመጣው በእርሱ በኩል ነው።

ምርመራው ከታች ወደ ላይ ይሂድ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ከርነሉ የኔትወርክ ካርዱን አውቆታል ወይ የሚለው ነው። «ሲስ» ውስጥ «ክላስ»፣ በእርሱም ውስጥ «ኔት» የተባለውን ማውጫ ተመልከቱ። «ሎ» ብቻ ካለበት፣ ይህ ኮምፒዩተሩ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ነውና፣ ካርዱ አልታወቀም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ አድራሻ ሲጽፉና ሲሰርዙ ማደር ከንቱ ድካም ነው። ወደ አሮጌው ሊኑክስ ተመልሳችሁ «ኤልኤስፒሲአይ ‑ኬ» ብትሉ ካርዱ በየትኛው ድራይቨር እንደሚሠራ ይነግራችኋል። ያንኑ በከርነሉ ምርጫ ውስጥ አብርታችሁ ከርነሉን እንደገና ሥሩት። በሞጁልነት ከመረጣችሁት ሞጁሎቹን መትከልም አይረሳ፤ ደግሞም የሚነሣው አዲሱ ከርነል እንጂ የቀድሞው አለመሆኑን አረጋግጡ።

ዋይፋይ የባሰ ነው። ብዙዎቹ ካርዶች ከድራይቨሩ ሌላ ፈርምዌር የሚባል ፋይል ይፈልጋሉ። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አንድ ሆኖ ከተሠራ ዲስኩ ገና ሳይከፈት ፋይሉን ይጠይቃል፤ ስለማያገኘውም ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ፋይሉ በቦታው እያለ «አልተገኘም» የሚል መልእክት በ«ዲሜስግ» ውስጥ የምናየው ስለዚህ ነው። ድራይቨሩ ሞጁል ሲሆን ጥያቄው ዲስኩ ከተከፈተ በኋላ ይሆናል፣ ነገሩም ያበቃል።

ካርዱ ከታወቀ የሚቀጥለው ስሙ ነው። ቀድሞ የመጀመሪያው ካርድ «ኢቲኤች0» ይባል ነበር። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ካርዱ በተሰካበት ቦታ መሠረት «ኢኤንፒ3ኤስ0» የመሰለ ስም መስጠት ተለመደ። በማዋቀሪያው ፋይል የተጻፈው የፊተኛው፣ ከርነሉ የሚያውቀው የኋለኛው ሲሆን፣ ሁለቱ አይገናኙም። ስሙን ከመጽሐፉ ምሳሌ ሳይሆን ከዚያው «ኔት» ከተባለው ማውጫ ቅዱ።

ከዚህ በኋላ ፒንግ ነው። በመጀመሪያ የራስን አድራሻ፣ ቀጥሎ ራውተሩን፣ ቀጥሎ 8.8.8.8ን፣ በመጨረሻ አንድ የታወቀ ስም። ራውተሩ መልሶ ውጭው «መንገድ የለም» ከተባለ የጌትዌዩ መስመር ጎድሏል። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልተገኘ ደግሞ ጥፋቱ «ሪዞልቭ ኮንፍ» በተባለው ፋይል ውስጥ ነው፤ የዲኤንኤሱን አድራሻ ጽፎ ማለፍ ነው። ዳሩ ግን ፒንግን የሚከለክሉ ኔትወርኮች አሉና ዝምታው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በየተቋሙም ካርዱ ካልተመዘገበ ወይም በመግቢያ ገጽ ስም ካልተሰጠ የማያሳልፉ አሉ፤ ያን ጊዜ የእናንተ ሥራ ምንም አልጎደለውም።

ሁሉም መልሶ፣ የተቆለፉት ድረ ገጾች ብቻ «ምስክር ወረቀቱ አይጸናም» ካሉ፣ ወደ ኔትወርኩ ከመመለሳችሁ በፊት የኮምፒዩተሩን ቀንና ሰዓት ተመልከቱ።