ሊንኩ ቢጠፋም የማይጠፋ ዋቢ

በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ቃላሚኖ ግቢ የእንስሳት ሕክምና የምትማር ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ተቃርባለች እንበል። አማካሪዋ ከዋቢዎቿ የአንዱን ሊንክ ሲጫነው «ገጹ አልተገኘም» ይለዋል። ጥናቱ አለ፤ እሷም በትክክል አንብባዋለች። የጠፋው አድራሻው ብቻ ነው።

ይህ የተማሪ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የሃርቫርድ የሕግ ምሁራን ባወጡት ጥናት፣ በዩኒቨርሲቲያቸው የሕግ መጽሔቶች ከተጠቀሱት ሊንኮች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት መጀመሪያ ወደተጠቀሰው ጽሑፍ አያደርሱም ነበር። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ካሉትም ግማሽ ያህሉ እንዲሁ።

አድራሻ ሌላ፣ መለያ ሌላ

ሊንክ የሚነግረን ሰነዱ የት እንደተቀመጠ ነው። ተከራይ ቤት ሲቀይር የድሮ ሰፈሩን ብቻ የሚያውቅ ዘመድ የሰው በር ያንኳኳል፤ ስልክ ቁጥሩን የያዘ ግን የትም ቢገባ ያገኘዋል። ለጥናት ጽሑፎች እንዲህ ያለው ቁጥር ዲኦአይ ይባላል።

ዲኦአይ ሁልጊዜ በ10 ይጀምራል። ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ያስመዘገበውን አካል፣ ከእዝባሩ በኋላ ያለው ደግሞ ጽሑፉን ራሱን ይለያል። መቐለ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚያሳትመውን «ሞሞና» የሳይንስ ጆርናል እንውሰድ። ጽሑፎቹ ደቡብ አፍሪካ በሚገኘው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን በኩል ስለሚወጡ መለያቸው በ10.4314 ይጀምራል። ጆርናሉ ነገ ድረ ገጹን ቢቀይር፣ አሳታሚው አዲሱን አድራሻ በዲኦአይ መዝገብ ላይ ያስገባል፤ የድሮውን ቁጥር የያዘ አንባቢም ወደ አዲሱ ቦታ ይመራል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ሰባተኛው የኤፒኤ የዋቢ አጻጻፍ መመሪያ ዲኦአይ ካለ እሱን በሙሉ ሊንክ መልክ ጻፉ የሚለው ለዚህ ነው።

ቁጥር የሆነ ሁሉ ግን መለያ አይደለም። በብዙ የአገራችን መመረቂያ ጽሑፎች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥናቶች 213.55.95.56 በሚል አድራሻ ተጠቅሰው ይገኛሉ። ይህ የአንድ ኮምፒዩተር ቁጥር ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከተቀየረ ዋቢው ባዶ ይቀራል። ከኋላው የሚከተለው 123456789ም ቢሆን ቋሚ መለያ ይምሰል እንጂ፣ ጥናቶቹ የሚቀመጡበት ሶፍትዌር ሲጫን አብሮ የሚመጣ መነሻ ቁጥር ነው። እንዲህ ላለው ሰነድ የጸሐፊውን ሙሉ ስም፣ ዓመቱን፣ ርዕሱን፣ የማስተርስ ይሁን የዶክትሬት እና ዩኒቨርሲቲውን ሳያጎድሉ መጻፍ ያስፈልጋል። በእነዚህ ተፈልጎ ይገኛል።

ስም የሚቀይሩ ተቋማት፣ የሚለዋወጡ ገጾች

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ስለ ከብት ብዛት ስትጽፍ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲን የናሙና ጥናት መጥቀሷ አይቀርም። ኤጀንሲው በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሆኗል፤ ከስሙ ጋር ድረ ገጹም ተቀይሯል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም በአሕጽሮት ኦአይኢ ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 ወዲህ ዎኣህ ይባላል። ደንቡ አጭር ነው፦ ሰነዱ ላይ በወቅቱ የታተመው ስም ይጻፋል እንጂ በዛሬው ስም አይተካም።

የዚሁ ድርጅት የበሽታ መመርመሪያ ማኑዋል ሌላም ያስተምራል። ምዕራፎቹ በየጊዜው ለየብቻ ይሻሻላሉ። ስለ አፍተግር የምትጽፍ ተማሪ «ማኑዋሉ» ብላ ብታልፍ የትኛውን እንዳነበበች አይታወቅም፤ የምዕራፉን ርዕስና በራሱ ላይ የሰፈረውን የጸደቀበትን ጊዜ መጻፍ አለባት። ኤፒኤ «የታየበት ቀን» የሚጠይቀው እንዲህ ይዘታቸው ሊለወጥ ለሚችሉ ገጾች ነው፤ ታትሞ ላለቀ የጆርናል ጽሑፍ አያስፈልግም። ተለዋዋጩን ገጽ በነጻ በሚሠራው የድረ ገጾች ማኅደር፣ በዌይባክ ማሽን ላይ አስቀምጦ፣ የተቀመጠውን ቅጂ ሊንክ አብሮ መጻፍ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ፋይሉን በራስ ኮምፒዩተር መያዝም አይዘነጋ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ ሊንክ ብቻ የነበረው ሰው ምንም አልነበረውም።

በቴሌግራም የመጣ ፒዲኤፍ

ቴሌግራም ፋይሉን ያደረሰ መንገድ ነው፤ ምንጭ ሆኖ አይጠቀስም። የፒዲኤፉን የመጀመሪያ ገጽ ከፍቶ ጸሐፊውን፣ ጆርናሉን፣ ቅጹን፣ ገጹንና ዲኦአዩን ማንበብ ይገባል። የመጀመሪያው ገጽ ተቆርጦ ከሆነ ርዕሱን ፈልጎ ዋናውን ማግኘት ግድ ነው። ቻትጂፒቲን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች የሚሰጡት ዋቢም በዚሁ መንገድ ይጣራል፤ የሌለ ጽሑፍ ከነቁጥሩ ፈጥረው ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ ዲኦአዩን ከፍቶ ርዕሱና ጸሐፊው መግጠማቸውን ሳያዩ መቀበል አይገባም።

የእኛ ስም፣ የእኛ ዘመን

ሁለት ነገሮች የውጭ መመሪያዎችን ከእኛ ጋር ያጋጫሉ። አንዱ ስም ነው። ዞቴሮን የመሰሉ የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራሞች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጉና የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ይሉታል። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የተለመደው ግን በራስ ስም መጥቀስ ነው፤ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም ኢትዮጵያውያንን የሚደረድረው በራሳቸው ስም ነው። ዞቴሮ ላይ ሁለቱን የስም ሳጥኖች ወደ አንድ መቀየር ይቻላል፤ ያኔ «ባሕሩ ዘውዴ» ሙሉውን ይቀመጣል። ትምህርት ክፍሉ በአባት ስም ካዘዘ በዚያው መሄድ ነው፤ አንዱን ሰው በአንዱ ገጽ ባሕሩ፣ በሌላው ዘውዴ ማድረግ ግን ሁለት ሰው ያስመስለዋል።

ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ በአማርኛ ቁጥር 1152/2011 ነው፤ በእንግሊዝኛው 1152/2019። አዋጁ ያው አንድ ነው። በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ጥናት ውስጥ 2011ን እንዳለ የተወ ሰው ሕጉን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቁጥሩ ከየትኛው ቋንቋ እንደተወሰደ አይቶ፣ አቆጣጠሩን ሳይቀላቅሉ መያዝ ይበጃል።

ጽሑፉን ከማስረከብ በፊት ቀላል ፈተና አለ። ከዋቢዎቹ ጥቂቱን ሊንካቸውን ሰርዞ ለጓደኛ መስጠት ነው። ስሙን፣ ዓመቱንና ርዕሱን ብቻ ይዞ ሰነዱን ካገኘው ዋቢው በቂ ነው፤ «የቱን ማለትሽ ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ የጎደለውን መልሶ መሙላት ያስፈልጋል።