ዋጋው ስንት ነው? በቴሌግራምና በፌስቡክ ስለሚጻፍ የንግድ ማስታወቂያ

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር መጨረሻ ላይ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ባለቤታቸው ሸማኔ ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ የተሠራውን ነጠላ በቴሌግራም ይሸጣሉ። የዕቁባቸውን ገንዘብ አውጥተው ለስድስት ነጠላ የሚበቃ ድርና ማግ ገዝተው ነበር፤ ስድስቱም ተሠርተው ካለቁ ሁለት ወር ቢሆናቸውም አንዱ እንኳ አልተሸጠም። «መምህር፣ ሰው ያየዋል፣ ግን የሚገዛ የለም፤ የልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያም ደርሷል፤ እስቲ ጽሑፉን ይዩልኝ» አሉኝ።

ጽሑፉ እንዲህ ይል ነበር፤ «ምርጥ ጥራት ያላቸው የባህል ልብሶች በተመጣጣኝ ዋጋ! ይፍጠኑ! ለበለጠ መረጃ በኢንቦክስ ያናግሩን!» በቃላቱ መካከልም የእሳት፣ የልብና የአበባ ምልክት ተደርድሮበታል። ከግርጌው በዓይን ምልክት አጠገብ 412 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ቴሌግራም በቻናል የወጣ ጽሑፍ ምን ያህል ጊዜ እንደታየ የሚያሳየው በዚሁ ምልክት ነው። እንግዲህ ጎረቤቴ እውነት ተናግረዋል፤ ችግሩ ተመልካች ማጣት አልነበረም።

«እትዬ፣ ይህን ጽሑፍ በርበሬ የሚሸጥ ሰው ቢወስደው ስንት ቃል ይለውጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው «የባህል ልብስ የሚለውን ብቻ» አሉ። የማስታወቂያው ድካም ሁሉ በዚህ መልስ ውስጥ ነበረ። ለነጠላም፣ ለበርበሬም፣ ለጫማም እኩል የሚሆን ጽሑፍ ስለ ነጠላው ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

ነገሩን ከገበያ ጋር እናስተያየው። ሽሮ ሜዳ ወይም መርካቶ የሄደ ገዢ ነጠላውን ዘርግቶ ያየዋል፤ በጣቱ ይዳስሰዋል፤ ጥለቱን ወደ ብርሃን ያዞረዋል፤ ዋጋውን ጠይቆ ይከራከራል። በስልኩ መስኮት የሚያይ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ እጁ ሊነግረው የሚገባውን ጽሑፉ ሊነግረው ያስፈልጋል። «ምርጥ» የሚለው ቃል ደግሞ የሻጩን አሳብ እንጂ የፈትሉን ጠባይ አያስረዳም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ግን ዋጋን መደበቅ ነው። ይህ ልማድ በአገራችን ነጋዴዎች ዘንድ እጅግ ተስፋፍቷል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ጎረቤቴ ሁለት ነገር ነገሩኝ፤ አንደኛው ተፎካካሪ ዋጋውን አይቶ እንዳይቀንስባቸው ነው፤ ሁለተኛው ሰው አንድ ጊዜ ከጠየቀ በኋላ በወግ ይግባቡኛል ብለው ነው። ተፎካካሪ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጠይቆ ዋጋውን ማወቅ ስለሚችል የፊተኛው ፍርሃት ከንቱ ነው። ሁለተኛውም ቢሆን አብዛኛውን ሰው ይዘነጋል። ገዢው ማታ ደክሞት ተቀምጦ የሚያየው ነውና፣ ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ ውድ ይመስለዋል፤ ጠይቆ ሳይገዛ መቅረቱም ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ በጣቱ ገፍቶ ያልፈዋል። እኔ ራሴም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁ።

ከዚያ በኋላ አብረን ተቀምጠን ጽሑፉን እንደገና ጻፍነው።

«ነጠላ፣ 2,800 ብር። ማጉ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ፣ ስፋቱ አራት ጣት። ባለቤቴ በእጁ የሠራው ነው። ሽሮ ሜዳ መጥተው ማየት ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር እንልካለን፤ ዕቃውን አይተው ሲረከቡ ይከፍላሉ። ያሉን 6 ናቸው።»

የዕቃውን ስምና ዋጋውን ከፊት ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፌስቡክ ረዘም ያለውን ጽሑፍ ጥቂት መስመር ብቻ አሳይቶ ቀሪውን ይሸፍነዋል፤ የስልክ መልእክትም ሲመጣ በቅድሚያ የሚታየው መጀመሪያው ነው። «አይተው ሲረከቡ ይከፍላሉ» የሚለውም አጭር ቢሆን ብዙ ይሠራል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ ቀላል ሆኗል፤ ዳሩ ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ልኮ ዕቃውን ያጣ ሰው ወሬ ሁሉም ሰምቷል። የገዢውን ፍርሃት ሳይጠይቅ አስቀድሞ መመለስ ከአሥር የጥራት ቃል ይበልጣል።

ስለ ፎቶግራፉ ጥቂት ተከራከርን። ያወጡት ሥዕል የራሳቸው አልነበረም፤ ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ ያማረ ቀሚስ ነበር። አንዲት ሴት ያን ቀሚስ ፈልገው እስከ ቤታቸው መጥተው ተቈጥተው እንደሄዱ የነገሩኝ በኋላ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ነገር ግን አዋጁን ከመጥቀሴ በፊት ያቺ ደንበኛ ነገሩን አስረድታቸው ኖሯል። ነጠላውን ጠዋት በራፋቸው ላይ ዘርግተን በፀሐይ ብርሃን አነሣነው። በአምፖል ብርሃን የተነሣ ነጭ ልብስ ቢጫ መስሎ ይታያልና። ጥለቱን ቀረብ ብለን ለብቻው ደገምነው፤ እጃቸውንም አጠገቡ አኖሩ፤ ስፋቱ በዚያ ይታወቃል።

ጊዜውም ረድቶናል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ሆኖም ለጥር 11 የሚሆን ልብስ በጥር 9 ቢያስተዋውቁት የሚገዛው ጥቂት ነው። ውጭ አገር ላለ ዘመዱ በመንገደኛ እጅ የሚልክ ሰው ደግሞ ከወር በፊት ያስባል። ሽሮና በርበሬ የሚሸጡ ቤተሰቦችም ከዐቢይ ጾም መግቢያ አስቀድመው ቢጽፉ ይጠቅማቸዋል። በቀን አሥር ጊዜ መለጠፍ ግን አይበጅም፤ ሰው ይሰለችና የቻናሉን ድምፅ ይዘጋዋል።

በዛሬ ጊዜ ማስታወቂያውን ለኮምፒዩተር አእምሮ ሰጥተው የሚያስጽፉ አሉ። ሆሄ በማቃናት ይረዳ ይሆናል፤ ነጠላውን ስላልዳሰሰ ግን ካልነገሩት በቀር «ምርጥ ጥራት» ወደሚለው ይመለሳል።

አዲሱ ጽሑፍ በወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ ነጠላ ተሸጠ፤ እስከ ጥምቀት ድረስም አራት ሆኑ። የቀሩትን ሁለቱን ሲያወጡ ጎረቤቴ ጽሑፉን ብቻቸውን ጽፈው አሳዩኝ። በመጨረሻው መስመር ላይ «የአንዱ ጥለት በአንድ ጫፍ ጠበብ ብሏል፤ ስለዚህ 300 ብር ቀንሰናል» የሚል አገኘሁና፣ ይህን በስልክ ቢነግሯቸው ይሻላል፣ ከጽሑፉ ያውጡት ብዬ መከርኋቸው። «አይ መምህር፣ መጥተው ከሚያዩት እኔው ልንገራቸው» ብለው እንዳለ ለጠፉት። በማግሥቱ አስቀድሞ የተሸጠው እርሱ ነበር።